ጋሽ መብራህቱ እና የነሐሱ መጥረቢያ

ጋሽ መብራህቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ዴንቨር ኤርፖርት፣ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በዊልቸር ይዤ ወደሚሳፈሩበት በር እየወሰድኩ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ሳባ ናት፤ የጋሽ መብራህቱ አንድያ ልጅ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ ገና ድምፅዋን ሳልሰማ ልቤ አወቀው።

«ዳዲ ዛሬ ጠዋት አልነቃም» አለችኝ።

አሮጊቷ ቀና ብለው ፊቴን አዩና ደህና መሆኔን ጠየቁኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው እንደሞተ ነገርኳቸው። እውነት ነው፣ አብረን ሠርተናል። ግን «ካወርከር» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ አነሰችብኝ። ሌላ ቃል ደግሞ አልነበረኝም። ዘመዴ አይደሉም፤ እሳቸው የመንደፈራ ሰው፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ። የምናመልክበት ቦታም አንድ አይደለም። ሆኖም ከወላጆቼ ቀጥሎ ያስተማረኝ ሰው ይጠራ ቢባል የምጠራው እሳቸውን ነው። ያስተማሩኝም በአብዛኛው ዝም ብለው ነበር።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የድሮው ስቴፕልተን አየር ማረፊያ ፈርሶ ሜዳው ላይ ቤት መሠራት የጀመረበት ጊዜ። እኔና ባለቤቴ ፓርክ ሂል ሰፈር ጫፍ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይተን ነበር። ዴንቨር ውስጥ በአንድ ሙዚየም በጋርድነት ተቀጠርኩ። ሥራው ቀላል ነው አሉኝ፤ መቆም ብቻ ነው። መቆም ቀላል የሚመስለው ስምንት ሰዓት ቆሞ ለማያውቅ ሰው ነው።

የመጀመሪያ ቀን አለቃችን «መብራህቱ ያሳይሻል» ብሎ ለእሳቸው አስረከበኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ዩኒፎርማቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ስሜን ጠየቁኝ። «ሰላም» ስላቸው «ለጋርድ የሚሆን ስም ነው» አሉና ሳይስቁ ወደ ሥራ ገቡ። አማርኛቸው ጥርት ያለ የተማሪ ቤት አማርኛ ነበር። አስመራ ሳሉ በአማርኛ ተምረዋል፤ በኋላም አዲስ አበባ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። አልፎ አልፎ ብቻ «ጓለይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ፊት አትጠብቂ፤ እጅ ጠብቂ» አሉኝ ያን ቀን። «ፊት ይዋሻል። እጅ ግን ሊነካ ሲል አስቀድሞ ይናገራል።»

ራሳቸው ዕቃ ሲያዩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ልክ ሊነኩት የተፈቀደላቸው ይመስል መጀመሪያ መዳፋቸውን በሱሪያቸው ይጠርጋሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ይላሉ። ብርሃኑ ዕቃው ላይ እንዲሄድ አንገታቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ወንበርም ሆነ፣ ጋሻም ሆነ፣ የቀንድ ማበጠሪያም ሆነ፣ ለሁሉም እንደዚያው ናቸው።

«ምን ፈልገው ነው?» ስላቸው፣

«የሠራውን ሰው» ይሉኛል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ ከአውሮፓ በውሰት የመጣ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሰው ብረትን ከማወቁ በፊት በዚያ አገር የኖሩ ሕዝቦች ከነሐስ የሠሯቸው ዕቃዎች ናቸው። አዳራሹ መካከል፣ ለብቻው በቆመ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሦስት የመጥረቢያ ራሶች ነበሩ። እጀታቸው እንጨት ስለነበረ ከሺህ ዓመታት በፊት በስብሶ ጠፍቷል። አንደኛው ትንሽ ነው፤ ጌጥ የለውም፤ ተሠርቶበት ተሠርቶበት ጉማጅ ሆኗል። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፤ በሁለቱም ጎኑ በመሮ እየተመታ የተጌጠ፣ ወደ ስለቱ ግድም ሦስት ማዕዘኖች የተደረደሩበት። ሦስተኛው ትልቅ ነው፤ እንደ ወርቅ የሚያበራ፣ ከላይ እስከ ታች ጌጥ የሞላው። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁለቱ የተጌጡት ሥራ ላይ ውለው እንደማያውቁና የአለቆች የክብር ምልክት ብቻ እንደነበሩ ይናገራል።

ጋሽ መብራህቱ ጽሑፉን ሁለቴ አነበቡት። መዳፋቸውን ጠረጉ። ጎንበስ እንዳሉ ብዙ ቆዩ።

«ትልቁን ልክ ብለዋል» አሉኝ። «ይኼ ለወግ ነው። ስስ ነው፤ አንድ ግንድ ቢመቱበት ይታጠፋል። ሥራው መታየት ነው። ሲያዩት ያስፈራል፣ በቃ። መካከለኛው ግን ሠርቷል።»

«በምን አወቁ?»

«ነይ፣ በዚህ ጎን እዪው። ስለቱ እኩል አይደለም፤ አንደኛው ጥግ ከሌላው ይበልጥ ተበልቷል። እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው የሚያሳርፈው። አሁን ደግሞ ሦስት ማዕዘኖቹን እዪ። ጫፋቸው የታለ?»

አየሁ። ሦስት ማዕዘኖቹ ወደ ስለቱ ሲደርሱ ጫፋቸው ጎድሏል፤ አንድ ነገር የቆረጣቸው ይመስላሉ።

«ሠራተኛ ይህን ያህል ለፍቶ ጌጡን ጫፍ ሳያወጣ አይተወውም። ተስሎ ነው፣ ጓለይ። ተሠራበት፣ ደነዘ፣ ሳሉት። ደግሞ ተሠራበት፣ ደግሞ ሳሉት። ስለቱ እየሸሸ ሄዶ ጌጡ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ጌጡ ሲያልቅ እያየ ነው የፈለጠበት።» ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ጌጥና ሥራ ተጣልተዋል ያለው ማነው? አስጌጦት የያዘው ስለሚሠራለት ነው እንጂ።»

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሊንዳ ከኋላችን ቆማ ነበር። አማርኛችንን ባትሰማም ጣታቸው የሄደበትን አይታለች። ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። እኛ ጋርዶች ስለ ዕቃዎቹ ማብራሪያ እንዳንሰጥ ተከልክለን ስለነበር ጋሽ መብራህቱ በዓይናቸው «ተይ» አሉኝ። እኔ ግን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። ሊንዳ መስታወቱን አየች፤ እሳቸውን አየች፤ ዞር ብላ በፍጥነት ሄደች። ሰውየውን ከእንጀራቸው አፈናቀልኳቸው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ።

ሙዚየሙ በሚዘጋበት ሰኞ ሳጥኑ ተከፈተ። ሊንዳና ሁለት ባልደረቦቿ መጥረቢያውን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ዋሉ። ማክሰኞ ጠዋት መጥታ የጋሽ መብራህቱን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። ስለቱ ላይ ደጋግሞ የተሳለበት ጭረት ተገኝቷል።

«እንዴት አወቅህ?» አለቻቸው።

«ጋራዥ ሠርቻለሁ» አሉ በእንግሊዝኛ።

ሊንዳ በዚያ አላበቃችም። ሙቀቱ ሲመጣ በግቢው ውስጥ የቤተሰብ ቀን አለ፤ ሕዝቡ ፊት ነሐስ አቅልጦ መጥረቢያ የሚያወጣ ሰው ስትፈልግ ከርማለች። ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ መብራህቱ «አልችልም» አሉና ወደ መቆሚያቸው ተመለሱ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሠራተኛው ክፍል ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ አላስችል አለኝና ለምን እንቢ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶቻቸውን ጫፍ ያሻሉ፤ ሲያስቡ እንደዚያ ያደርጋሉ።

«ጋራዡ ውሸት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ብረት ያወቅኩት ጋራዥ አይደለም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። አያቴም። እኔም ያደግኩት ወናፍ ስነፋ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር አጫወቱኝ። የአገራቸው ሹም ለልጁ ሠርግ የሚይዘው ያጌጠ ፋስ አባታቸውን ያዛል። አባትየው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጥይት ቀለህ አቅልጠው የፋሱን ጎን በነሐስ ለበጡት። ወፍ ቀረጹበት፤ ሐረግ ቀረጹበት። ሁለት ወር ፈጀ። የሠርጉ ቀን ሹሙ ፋሱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ አገር ጉድ አለ።

«እኛም ተጠርተን ነበር» አሉ ጋሽ መብራህቱ። «ከአጥሩ ውጭ ተቀመጥን። ጠላ በተሰነጠቀ ቅል ሰጡን። ጠጥተን ስንጨርስ አስተናጋጁ ቅሉን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው፤ ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት። አባቴ ድምፁን ሰምተው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ፋሱን አልሰበሩትም አይደል?› አሉኝ። ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ አገር ለመውጣት ቆረጥኩ። አስመራ፣ አዲስ አበባ፣ ካርቱም፣ ዴንቨር፤ የትም ስሄድ የአባቴን ሥራ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፤ ነፍሷን ይማር። ለሳባ አልነገርኩም።»

እኔ ደብረ ማርቆስ ሳድግ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ልጅ ይበላል ሲባል ሰምቻለሁ። ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ ይህ ሁሉ ውሸት መሆኑን አምኛለሁ፤ ለሌሎችም ተናግሬያለሁ፤ በጉባኤ ላይ ሳይቀር። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ቀኝ እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሹራቤን ስቦ ሆዴን ሸፈነው።

እሳቸው እጅ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አዩት።

እኔም እንዳዩት አየሁ። ፊቴ እሳት ሆነ። ጋሽ መብራህቱ የምሳ ዕቃቸውን ቀስ ብለው ከደኑ።

«አይዞሽ፣ ጓለይ» አሉኝ። «እጅሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታቸው አልተቀየረም። የተቀየረው አቋቋማቸው ነው። እኔ በማልፍበት በኩል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ሲያናግሩኝ ወለሉን ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔ እንዳልጨነቅ ብለው ዓይናቸውን ሰበሰቡ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት መሆኑ ያስታውቃል። ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ጊዜ ተነሳሁ! ምን ብዬ ነው የምጀምረው? «ቡዳ ነዎት ብዬ አይደለም» ልል ነው?

በዚህ መሃል የሳባ ነገር መጣ። ሳባ የዚያን ጊዜ ነርስነት ጨርሳ ሥራ ጀምራ ነበር። ዳንኤል የሚባል ልጅ ቀለበት አስሮላታል። የዳንኤል አባት አቶ ደምሴ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ የታወቁ ሰው ናቸው፤ በሰርግ በሐዘን ከፊት የሚቀመጡ። ሽማግሌ ሊልኩ ተዘጋጅተዋል። ከመላካቸው በፊት ግን እንደ ወጉ የልጅቷን ዘር ማስጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ጋሽ መብራህቱ ጆሮ ደረሰ።

አንድ ጠዋት ወደ ግድግዳው እንደዞሩ «ሊንዳን እሺ ልላት ነው» አሉኝ።

«ለምን?»

«አቶ ደምሴ ዘሬን እያስጠየቀ ነው። መንደፈራ ድረስ ስልክ መደወል ቀላል ሆኗል። ከተጋቡ በኋላ ከሚሰሙ፣ ሳይጋቡ ከእኔ ይስሙ። በሹክሹክታ ከሚሰሙ ደግሞ እሳት ፊት ቆሜ ቢያዩኝ ይሻላል።»

«ሳባስ?»

«እሷንም ጠርቻታለሁ» አሉ። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን ጫፍ ያሹ ጀመር።

ያ ቅዳሜ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር። ከሙዚየሙ ጀርባ ባለው ሣር ላይ ጋሽ መብራህቱ ጉድጓድ አስቆፍረው ከሰል ሞልተውበታል። ወናፉን ከቆዳ የሰፉት ራሳቸው ናቸው። መጥረቢያው የሚፈስበትን ቅርጽ ከሸክላ አፈር ሠርተው አድርቀዋል። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ያረጀ ሸሚዝና የቆዳ ሽርጥ አድርገዋል። ሌላ ሰው መሰሉኝ፤ ጀርባቸው ሳይቀር ወጣት ሆኗል። ቢያንስ መቶ ሰው ከብቧቸዋል። ሳባና ዳንኤል ከፊት ቆመዋል። አቶ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አድርገው መጥተዋል። ጋሽ መብራህቱ «ቅዳሜ ሥራ ቦታዬ ይምጡልኝ» ስላሏቸው የሳባ አባት ሽልማት የሚቀበሉ መስሏቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ዘጠኝ እጅ መዳብ፣ አንድ እጅ ቲን የሚሉት ነጭ ማዕድን። ሲቀልጥ መልኩ እንደ እንቁላል አስኳል ሆነ። በጉጠት አንስተው አፈሰሱት። ቅርጹ ቷ ብሎ ተሰነጠቀና ነሐሱ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጋሽ መብራህቱ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን አዩት።

«አፈሩ ልቡ አልደረቀም ነበር» አሉኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቸኮልኩ።» ሁለተኛውን ቅርጽ እሳቱ ዳር አስጠግተው እስኪግል ጠበቁ። ሰውም አብሮ ጠበቀ፤ አንድም ሰው አልሄደም። ሁለተኛው ያዘ። ሲበርድ ቅርጹን ሰብረው መጥረቢያውን አወጡት፤ ሻካራ፣ ጥቁር ቢጫ፣ ገና አመድ የለበሰ። መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀምጠው ስለቱን በመዶሻ እየደበደቡ አጠነከሩት። ከዚያ በትንሽ መሮ ጎኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ይመቱበት ጀመር። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። እጃቸው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

አንዲት ሴት ይህን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቀቻቸው።

መዶሻቸውን አስቀመጡ። በእንግሊዝኛ «አባቴ» አሉ። «ብላክስሚዝ ነበሩ።» ከዚያ ወደ አቶ ደምሴ ዞሩና በአማርኛ፣ ሁሉም ሀበሻ በሚሰማው ድምፅ፣ እንዲህ አሉ፦

«አቶ ደምሴ፣ ዘሬን እንዳስጠየቁ ሰምቻለሁ። ይገባዎታል፤ ልጅዎን ነው የሚድሩት። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የሠሩት ማረሻ አገር አብልቷል። ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት ከእኔ ከራሴ ይስሙት ብዬ ነው የጠራሁዎት።»

አቶ ደምሴ ከረባታቸውን ነኩ። ሰዓታቸውን አዩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እ… መኪናዬን ሜትር ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት። ሰዓቱ ሳያልቅብኝ።»

ሄዱ። ዳንኤል የአባቱን ጀርባ አየ፤ ሳባን አየ፤ ባለበት ቆሞ ቀረ።

ጋሽ መብራህቱ ግን ወደ እሱ አላዩም። የሚያዩት ሳባን ነበር። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው እጃቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። ሳባ አቶ ደምሴ ለምን እንደሄዱ እንኳ አልገባትም። ሰው እንዳይጠጋ የተዘረጋውን ገመድ አልፋ ገባችና መጥረቢያውን በሁለት እጇ አነሳችው።

«ዳዲ፣ ሶ ኩል!» አለች። «ግራንድፓ ብላክስሚዝ ነበር? ለምንድነው ነግረኸኝ የማታውቀው?»

ጋሽ መብራህቱ ሽርጣቸውን ወደ ፊታቸው አነሱት። አርባ ዓመት ከአገር አገር ይዘውት የዞሩት ነውር በልጃቸው አፍ በሁለት ቃል ኩራት ሆኖ ሲወጣ ምን ይሰማቸው እንደነበር እኔ ልናገር አልችልም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው ያየሁት።

ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ዳንኤል «አባቴ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ትንሹ ጊዜ ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ኦሮራ ውስጥ ሰላምታ የቀነሱባቸው ሰዎች ነበሩ። ሕፃን ልጅ ይዘው ከመንገዳቸው ገለል የሚሉም ነበሩ። ጋሽ መብራህቱ ይህን ችለውታል። ያልቻሉት የሳባን ነው። «ልጄን በገዛ መዶሻዬ ሰበርኳት» ይሉኝ ነበር።

ሳባ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ቀለበቱን መለሰች። ለአባቷ የነገረቻቸውን እሳቸው ራሳቸው ደግመው አጫውተውኛል። «ዳዲ፣ ሂ ሃድ ቱ ቲንክ አባውት ኢት» አለቻቸው። «ስለ አንተ ማሰብ ካስፈለገው እኔ አልፈልገውም።» አልቅሳለች፤ ብዙ ጊዜ አልቅሳለች። ግን አንድም ቀን አባቷን አልወቀሰችም። ከሦስት ዓመት በኋላ አብሯት የሚሠራ አንድ ረጋ ያለ ሰው አገባች፤ ሁለት ልጆችም ወለደች።

እኔ የወለድኩት በዚያው በበረዶው ሰሞን ነው። ልጄ ሁለት ወር ሲሞላት ጠቅልዬ ኦሮራ፣ ከሃቫና መንገድ ገባ ብሎ ያለው የጋሽ መብራህቱ አፓርታማ ሄድኩ። በሩን ከፈቱ፤ የያዝኩትን አዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ አወረዱ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ። የእኔን እምነት ያውቃሉ፤ ግን አፋቸው የለመደውን ተናገረ። «ብርድ ነው፣ ሸፍኛት።»

ስመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሁሉም ጠፋኝ። መጠቅለያውን ገልጬ ልጄን ክንዳቸው ላይ አስቀመጥኳት። ደንግጠው ተቀበሏት፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ጋሼ፣ ይዩዋት» አልኳቸው። «እባክዎን። እስኪጠግቡ ይዩዋት።»

ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ እጇን ነው ያዩት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ከዚያ ፊቷን። ልጄ ጣታቸውን ይዛ አልለቅም አለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ አልኳቸው ማለት አልችልም፤ እሳቸውም አልጠበቁትም።

መጥረቢያዎቹ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሊንዳ ጽሑፉን አስቀይራ ነበር። አዲሱ ጽሑፍ መካከለኛው መጥረቢያ ለብዙ ዘመን እንደተሠራበትና እንደተሳለ፣ ይህንንም ያየው አንድ የሙዚየሙ ባልደረባ መሆኑን ይናገራል። ስማቸውን ልታስገባ ስትል የከለከሏት ራሳቸው ናቸው። «የሠራው ሰው ስሙ ሳይጻፍ የእኔ ምን ይሠራል?» አሏት። ጡረታ እስከሚወጡ ድረስ በየዓመቱ በዚያ ቅዳሜ እሳት ያነዱ ነበር። እኔ በኋላ ሥራ ቀይሬ ኤርፖርት ገባሁ፤ ያችን ቅዳሜ ግን ልጄን ይዤ እሄድ ነበር። በየዓመቱ የሚመጣው የእኛ ሰው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። ጠጋ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነበር። ብዙው ከሩቅ፣ ዛፉ ሥር ሆኖ ያይ ነበር።

ለቀብሩ ሳባ የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ እንድጽፍ ለመነችኝ። የትግርኛውን አንድ ዘመዳቸው ጽፎታል። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ወረቀቴን እያስተካከልኩ ሳለ ቀብሩን የሚያስተባብሩት ሽማግሌ መጡና አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሻል» አሉኝ። «እዚህ ጋ ያለችውን ግን እናውጣት። ‹በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ተሰማርተው› ብትይ ይበቃል። ለክፉ አይደለም፤ ለልጅቷ ልጆች ብዬ ነው። ነገ ይደርሳሉ፤ ይዳራሉ።»

ክፋት የላቸውም። ሰውየው ከልባቸው ነው። ለአፍታ ያህል እኔም አመነታሁ። ሳባን አየኋት፤ ትልቁን ልጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች።

«እሷን ልጠይቃት?» አልኳቸው።

ጠየቅኳት። ሳባ ሽማግሌውን አየቻቸው፤ «ሁሉንም አንብቢው» አለችኝ።

ቆሜ አነበብኩ። መብራህቱ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ፣ ራሳቸውም ቀጥቃጭ ነበሩ ብዬ አነበብኩ። አንድ ሰው ሳለ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ጨርሼ ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ሰው ሲወጣ በሩ አጠገብ ቆሜ ለቀስተኛውን እያመሰገንኩ ሳለ አንዲት የማላውቃቸው ሴት መጡ። ነጠላ አጣፍተው የለበሱ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው። እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«የእኔም አባት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሸዋ ነበሩ። ማረሻ ይሠሩ ነበር።»

ከአጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛ «ማሚ፣ ምን አልሻት?» አለቻቸው።

«ኋላ፣ መኪና ውስጥ እነግርሻለሁ» አሉ ሴትየዋ። ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ቆሙ። አዳራሹ ገና በሰው እንደሞላ ነው፤ ሽማግሌውም በሩ ላይ ናቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አይ፣ ነይ» አሉ ጮክ ብለው። «እዚሁ ልንገርሽ።»